ጠጥቶ የማያውቀው ጉበት

አምበር ውስጥ ስለ ጉበት የሚያውቁ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ መምህር አምደሚካኤል። ይህን የመሰከሩትም ራሳቸው መምህር አምደሚካኤል ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ባዮሎጂ አስተምረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ተማሪው ቀረ እንጂ ማስተማሩ አልቀረም። ገበያ የወጣ ገበሬ ጭነቱን ሳያራግፍ፣ ለቅሶ የመጣ ሰው እንባውን ሳይጠርግ፣ ስለ ገዛ ጉበቱ ጥቂት ነገር ሳይሰማ አያልፍም።

ጠላታቸው አረቄ ነው። ራሳቸው ቀምሰውት አያውቁም፤ በማኅበር ላይ ዋንጫ ሲዞር እንኳ ጠላውን ከንፈራቸውን አስነክተው ለጎረቤት ያሳልፋሉ። በዚህስ ማንም አልከፋውም ነበር። ሰውን ያስቸገረው ያልጠጡትን ያህል ማውራታቸው ነው።

ትምህርት ቤት ሳሉ በአቡጀዲ ላይ በቀለም የሣሉት ትልቅ የጉበት ሥዕል ነበራቸው። ጡረታ ሲወጡ "የእጄ ሥራ ነው" ብለው ጠቅልለው አመጡትና ሳሎናቸው ውስጥ ሰቀሉት። ለእንግዳ ወንበር የሚቀመጥለት ወደ ጉበቱ ዞሮ ነው። ከልብ ንጹሕ ደም ይዞ የሚመጣው ደም ቅዳ ቀይ ነው። ከአንጀት የተመጠጠውን ሁሉ ተሸክሞ ወደ ጉበት የሚገባው ወፍራሙ ደም መልስ ደግሞ ሰማያዊ ነው። የመምህር ጣት ሁልጊዜ የሚያርፈው ሰማያዊው ላይ ነው።

"ይኼ የጉበት በር ነው" ይላሉ። "የምትጠጣት መለኪያ ሁሉ ከአንጀትህ ተመጥጣ ቀጥ ብላ የምትገባው በዚህ ነው። ጉበትህ ይቃጠላል፤ ከዚያ ይደድራል፤ ደሙ መግቢያ ያጣል። መጨረሻ ላይ ዓይንህ ቢጫ ይሆናል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ካየህ፣ ጠጪ ነው። በቃ!"

በሥዕሉ ላይ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ቱቦም ነበረች፤ ሐሞት ከጉበት ወደ ትንሹ አንጀት የሚወርድባት። ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ተሥሎባታል። ስለ እሷ ግን መምህር ብዙ አያወሩም። አረቄ አይሄድባትምና ምን ያደርጉላታል?

ከሁሉ ይልቅ ይህን ትምህርት የጠገበው ድረስ ነው። ድረስ ከደጀን ማርቆስ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ዓይኑን አቧራና ፀሐይ የጨረሱት ሰው ነው። አሁን መሪውን ትቶ ማሬ ቤት ይውላል። ማሬ አረቄ እያወጣች በመሸጥ የምትተዳደር ሴት ናት። አንድ የገበያ ቀን መምህር ድረስን በሰው መሀል አቆሙና የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገለበጡት። "አያችሁ? ቢጫውን አያችሁት? የዚህ ሰው ጉበት በሩ ተዘግቷል!" አሉ። ድረስ የዚያን ዕለት ሳይጠጣ ቤቱ ገባ፤ በማግስቱ ግን ከድንጋጤው ለመዳን የሁለት ሰው ጠጣ። መምህር ለማሬም "ጉበት ገዳይ" የሚል ስም አውጥተውላታል። እሷ መልስ ሰጥታቸው አታውቅም። መንገድ ላይ ስታገኛቸው "እንደምን ዋሉ መምህር" ብላ ጎንበስ ትላለች። ይኼ ደግሞ የባሰ ያናድዳቸዋል።

ስለ ራሳቸው ጤና ጥርጣሬ አልነበራቸውም። በጓሯቸው ጎመን፣ ካሮትና ሰላጣ አለ፤ ከላይኛው ሰፈር በሚወርደው ቦይ ያጠጡታል። የላይኛው ሰፈር ሽንት ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ወደዚያው ቦይ እንደሚፈስ አገር ያውቃል፤ መምህር ግን "የሚፈስ ውኃ ራሱን ያጸዳል" ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔአለም ጎመኗን ቀቅላ፣ አብስላ ትበላለች። እሳቸው ከመደቡ ቆርጠው፣ በኮታቸው እጅጌ ጠረግ አድርገው፣ እዚያው ቆመው ያላምጣሉ።

"ቪታሚን እሳት ሲነካው ይሞታል" ይሏታል። "አንቺ የምትበይው የቪታሚን ሬሳ ነው።"

ወይዘሮ የኔአለም ሬሳውን በቃሪያ አጣፍጣ ትበላለች።

በጥቢ አንድ ከሰዓት በኋላ መምህር ካሮት ሲነቅሉ፣ በቀኝ ጎናቸው፣ ከጎድን አጥንታቸው ሥር አንድ ነገር ጨምድዶ ያዛቸው። አጥሩን ተደግፈው ላብ በላብ ሆኑ። ሲለቃቸው "ነፋስ ነው" አሉና ለራሳቸው መድኃኒት አዘዙ፤ መድኃኒቱም የነቀሉት ካሮት ነበር። ሕመሙ ግን ተመላለሰ። ሽንታቸው የጠቆረ ሻይ መሰለ፤ ገላቸውን ያሳክካቸው ጀመር። ለሚስታቸው ትንፍሽ አላሉም። ቀጥሎ የሆነውንም ቀድሞ ያየው እሳቸው ሳይሆኑ አገሩ ነው።

የሚካኤል ማኅበር ዕለት ነበር። ማኅበርተኛው ከቤት ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ከመምህር ፊት ለፊት የተቀመጠው ድረስ ዋንጫውን ወደ አፉ ሲያነሳ ቀና አለና እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

"መምህር" አለ ቀስ ብሎ። "ዓይንዎ ምን ሁኗል?"

ሰው ሁሉ ዞረ። የመምህር አምደሚካኤል ዓይን አደይ አበባ መስሏል።

ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻል ነበር። ሰዉ በጨዋነት አቀርቅሮ አሰበ። ያሰበውም አንድ ነገር ነው፤ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸውና። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው፣ ጠጪ ነው። በቃ። መምህር በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመናቸው ክፍሉ በሙሉ ያለፈበት ፈተና ይኼ የመጀመሪያው ነበር።

በሳምንት ውስጥ አምበር የቀረውን አጠናቀቀችው። "ቤቱን ዘግቶ ነው የሚጠጣ" አለ አንዱ። "ጡረታ ልቀበል እያለ ማርቆስ የሚመላለሰው ለምን ይመስልሃል?" አለ ሌላው። በነገሩ ከልቧ የተቀየመች ማሬ ብቻ ነበረች። የተቀየመችውም በሌላ ምክንያት ነው። "ይኼን ሁሉ ዘመን ከጠጡ ከማን ገዝተው ነው?" አለች። "የእኔ አረቄ ምን ጎድሎት ነው?"

ወሬው ወይዘሮ የኔአለም ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ ጋቢያቸውን አሸተተች፤ ከዚያ ጓዳ ገባች። ከእህል ጆንያ ጀርባ አንድ ትልቅ ብልቃጥ አገኘች። ውስጡ መምህር ለማስተማሪያ ብለው በአልኮል ያስቀመጡት የበግ ጉበት ነበር። አልኮሉ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ጉበቱ እርቃኑን ቀርቶ ደርቋል።

"ይኼ ምንድነው?" አለች ብልቃጡን ከፊታቸው አስቀምጣ።

"የበግ ጉበት ነዋ።"

"ጉበቱንማ አየሁት። ውኃው የት ሄደ?"

"ተንኖ ነው።"

"ማን አተነነው?"

መምህር ፈሳሽ ነገር ወደ አየር ስለሚለወጥበት ሁኔታ ማብራራት ጀመሩ። ወይዘሮ የኔአለም እጇን አጣምራ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸውና "የበግ ጉበት የነካው አረቄ!" አለች። "ማሬ ዘንድ ሄደህ እንደ ሰው ብትጠጣ ምን ነበረበት?"

ቀጥሎ የመጣው ድረስ ነው። ሎሚ ገዝቶ፣ ፊቱን ታጥቦ መጣ። እንደ እንግዳ ደንብ ወደ ጉበቱ ሥዕል ዞሮ ተቀመጠ፤ ወዲያው ግን ወንበሩን ወደ መምህር አዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አይዞዎት። እኔ ለማንም አልናገርም።"

"ምኑን ነው የማትናገረው?"

"እኔም መጀመሪያ ተደብቄ ነበር የምጠጣ። ተደብቆ መጠጣት ነው ሰውን የሚጎዳው፤ መክሰስ የለው፣ ጨዋታ የለው።"

"ድረስ! እኔ ጠጥቼ አላውቅም!"

"እኔም እንዲያ ነበር የምለው" አለ ድረስ በሐዘን። ደግሞም ከልቡ ነበር። ሲወጣ እጃቸውን ጨብጦ "ስብከቱ ግን ለምን ያን ያህል እንደ ጠበቀ አሁን ገባኝ። ምን ያህል ቢታገሉት ነው!" አላቸው።

መምህር የዚያን ዕለት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰማያዊ ደም ሥር እያዩ ዋሉ። አልጠጡም። ጉበት ደግሞ ሳይጠጣ እንዲህ አይሆንም፤ ይህን ያሉት ራሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜማ ጭራሽ በእንቅልፍ ልባቸው ይጠጡ እንደሆነ ተጠራጠሩ።

ከዚያ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ጀመራቸው። ወይዘሮ የኔአለም ክርክር ሳትሰማ ጎትታ ሚኒባስ ላይ ጫነቻቸውና ማርቆስ፣ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። የተቀበለቻቸው ዶክተር ዘኪያ የምትባል፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ወጣት ሐኪም ናት።

"አባቴ፣ አልኮል ይጠጣሉ?"

"በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም።"

ዶክተር ዘኪያ ጻፈችና ቀና ብላ ወይዘሮ የኔአለምን አየቻት። ወይዘሮ የኔአለም ጣሪያውን አየች። ዶክተሯ የጻፈችውን ሰረዘች።

አልጋ ላይ አስተኝታቸው ሆዳቸውን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ጎናቸው ላይ ወዲያ ወዲህ ታንሸራትት ጀመር። መምህር ትንፋሻቸውን ይዘው ፍርድ ይጠብቃሉ።

"ጉበትዎ ጥሩ ነው" አለች። "ደም የሚያስገቡትም ሁለቱ ደም ሥሮች፣ የሚያስወጡትም ደህና ናቸው። የጠጪ ጉበት አይደለም።"

መምህር ተኝተው እንደነበሩ አንገታቸውን ወደ ሚስታቸው አቀኑ። "ሰማሽ? ሰማሽ አንቺ?"

"ቢጫ ያደረገዎት የሐሞት ቱቦው ነው" ቀጠለች ዶክተሯ። "ተዘግቷል። ሐሞቱ መውረጃ ሲያጣ ወደ ደም ተመለሰ።"

"ጠጠር ነው?" አሉ መምህር በጉጉት። ጠጠር ክብር ያለው በሽታ ነው፤ ጠጠር ያለበት ሰው ምን ያዘህ ቢባል የሚያፍርበት የለውም።

"እኔም መጀመሪያ ጠጠር መስሎኝ ነበር። ግን ጠጠር አይንቀሳቀስም።"

ዶክተር ዘኪያ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው። በጥቁሩ ቦይ ውስጥ አንድ ረዥም፣ ነጣ ያለ ነገር ተዘርግቷል። እያዩት ቀስ ብሎ ታጠፈ፤ እንደገና ተዘረጋ። አንዳች ችኮላ አልነበረበትም፤ ቤቱ ያለ ይመስላል።

"ነፍስ አለው?" አሉ መምህር በቀጭን ድምፅ።

"አለው። ወስፋት ነው።"

"ወስፋት የልጅ በሽታ ነው!"

"ዕድሜ አይመርጥም፣ አባቴ።"

"እንዴት ይሆናል! ቱቦው እኮ ወደ ታች ነው የሚፈስ!"

"ሐሞቱማ ወደ ታች ነው። ወስፋቱ ግን ከአንጀት ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። ጠባብ ቀዳዳ ሲያገኝ መግባት ይወዳል።"

መምህር አረንጓዴዋን ቱቦና ቀስቷን አሰቡ። ስንት ተማሪ ያንን ቀስት ደብተሩ ላይ ገልብጦ ተፈትኗል። ወስፋቱ ግን እሳቸው ክፍል ገብቶ አያውቅም።

"ያልበሰለ አትክልት ይበላሉ?" አለች ዶክተሯ።

ወይዘሮ የኔአለም መጀመሪያ ያሳላት መሰለ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መቻል ሲያቅታት ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በሩ ተዘግቶ እንኳ "ቪታሚን!" የምትለው ድምፅ ይሰማ ነበር።

አስተኟቸው። ግሉኮስ ተሰቀለላቸው፤ ቱቦውን የሚያላላ፣ ትኩሳቱን የሚያበርድ መድኃኒት ተሰጣቸው። የወስፋቱ መድኃኒት ግን ወዲያው አልተሰጠም። "እዚያው ውስጥ ቢሞት ሌላ ጣጣ ያመጣብናል" አለች ዶክተር ዘኪያ። "ራሱ ወጥቶ ወደ አንጀት እስኪመለስ እንጠብቀው።" እናም መምህር አምደሚካኤል የአንድ ወስፋት መልካም ፈቃድ እየጠበቁ አልጋ ላይ ሰነበቱ።

አንድ ቀን ወይዘሮ የኔአለም ሾርባ እያጠጣቻቸው "ተንኖ ነው ስትል ማመን ነበረብኝ" አለች።

"እንኳን አላመንሽኝ" አሉ። "ብታምኚኝ ካሮት ስበላ እዚያው እሞት ነበር።" ሾርባውን ዋጡና "በጣም ፈርቼ ነበር" ብለው ጨመሩ። ወይዘሮ የኔአለም ማንኪያውን አስቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

ወስፋቱ ወጣ። ቱቦው ነጻ መሆኑ በአልትራሳውንድ ታየና መድኃኒቱ ተሰጠ። ምን እንደወጣ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ብቻውን እንዳልነበረ ግን ሳይነገር አይታለፍም። የዓይናቸው ቢጫ እየቀለለ መጣ።

በመመለሻው ሚኒባስ ላይ መምህር ወደ ሚስታቸው ጆሮ ጠጋ አሉ። "ሰው ሲጠይቅሽ የሐሞት ቱቦ መዘጋት በይ።"

"ምን ዘጋው ቢሉኝስ?"

"በዚያ አትግቢ።"

"ጠጪ ቢሉህ ይሻልሃል?"

መምህር ከማርቆስ ጀምሮ አምበር እስኪደርሱ ይህንኑ ሲያመዛዝኑ ሄዱ። ጠጪ ሰው ያሳዝናል፤ ይመከራል፤ ይጸለይለታል። ሽበት አውጥቶ ወስፋት የያዘው ሰው ምን ይባላል? ዝምታውን መረጡ።

ዝምታው የቆየው እስከሚቀጥለው ማኅበር ነው። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ቄስ ወልደ ሩፋኤል፣ የማኅበሩ አባት፣ ስለ መምህር መዳን አመሰገኑና "የሰው ልጅ ይሳሳታል፤ ከእንግዲህ ግን ይህን ነገር እርግፍ አድርገው ይተዉት" ሲሉ በፍቅር መከሩ። ማኅበርተኛው "አሜን" አለ። ድረስ ተነሳ። እንባ ዓይኑ ላይ አለ። "እሳቸው ከተዉ እኔም እሞክራለሁ" አለ። "አረቄን እንደሳቸው ታግሎ የጣለ ሰው አላየሁም!"

መምህር ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሱ።

"ወስፋት ነው!" ብለው ጮኹ። "ወስፋት! ሐሞት ቱቦዬ ውስጥ ገብቶ! ካላመናችሁ እሷን ጠይቋት!"

ሁሉም ወደ ወይዘሮ የኔአለም ዞረ። እሷም ለእውነት የቆመች ሴት ናትና "እውነቱን ነው" አለች። "በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይተጣጠፍ ነበር።"

ሰዉ ብዙ አሰበ። ከሁሉ በላይ ያሰበው ድረስ ነው፤ ግንባሩ ተቋጠረ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ መጨረሻ ላይ ፊቱ ፈካ።

"ቆይ ቆይ" አለ። "መምህር ጠጥተው አያውቁም፤ ወስፋት ያዛቸው። እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ጠጣሁ፤ ወስፋት ይዞኝ ያውቃል?"

"አንተ ጥሬ ጎመን ስለማትበላ ነው!"

"ጎመን ብበላም አረቄው ይገድለዋላ!"

በማኅበሩ ውስጥ የስምምነት ማጉረምረም ተሰማ። መምህር ስለ አንጀት፣ ስለ ወስፋቱ እንቁላል፣ ስለ ቦዩ ውኃ አስረዱ፤ ሰዉ በአክብሮት ሰማቸው። ዶክተር ብታስረዳውም ነገሩ ያው ነበር። አምበር የራሷን መደምደሚያ አግኝታለች፤ አረቄ ቱቦ ይጠርጋል።

የማሬ ቤት ሰው በሰው ሆነ። ቀምሰው የማያውቁ ሁሉ "ለመከላከያ" እያሉ ይመጡ ጀመር። በሰንበት ከቅዳሴ ሲመለሱ መምህር ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰሙ፤ አንደኛዋ ለሕፃን ልጇ በማንኪያ ልትሰጠው አስባለች። ቀጥ ብለው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአገር ፊት፣ ማሬ ቤት ገቡ።

ጠጪዎቹ ገና አልመጡም። ማሬ ወንበሩን በነጠላዋ ጠርጋ "ይቀመጡ መምህር" አለች።

"አንቺ ሴት" አሉ ቆመው። "ለሕፃን ልጅ አረቄ—"

"ለልጅ ሊገዙ የመጡትን መልሻቸዋለሁ" አለች። "ለልጅ አልሸጥም አልኋቸው። ክኒኑ ጤና ጣቢያ አለ፤ እዚያ ውሰዱት ብዬ ላክኋቸው።"

መምህር ሊናገሩ ያዘጋጁት ንግግር ረዥም ነበር፤ አንድም ቃሉ አላስፈለገም። ተቀመጡ።

"ያን ሁሉ ጊዜ ጉበት ገዳይ ሲሉኝ እኔ ቤትዎ መጥቼ ጮኼብዎ አውቃለሁ?" አለች ማሬ፤ ድምጿን ግን ከፍ አላደረገችም።

"አታውቂም።"

"ልጆቼ ትምህርት ቤት እንዲያ ተብለው ይሰደቡ ነበር።"

መምህር አንገታቸውን ደፉ። "ይቅርታ አድርጊልኝ ማሬ" አሉ። እንዲህ ያለ አጭር ንግግር ተናግረው አያውቁም።

ማሬ ተነስታ ጓዳ ገባችና የሚጠጣ ነገር ይዛ ወጣች። "ውኃ ነው፤ ያፈላሁት ነው፤ አይፍሩ" አለች። ሌላ ብርጭቆ ስላልነበራት በመለኪያ ነው ያመጣችው። ልክ ሲቀበሏት በሩ ላይ የሰው ጥላ አረፈ፤ ቄስ ወልደ ሩፋኤል እያለፉ ነበር። መለኪያዋን አዩ፤ መምህርን አዩ፤ መስቀላቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉና እያዘኑ አለፉ።

መምህር ለማስረዳት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት፤ ውኃቸውን ጠጡ።

"እስቲ ይንገሩኝ" አለች ማሬ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ። "እኔ ገደልሽው የምባለው ጉበት ለመሆኑ የት ጋ ነው? ደፍሬ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው እንጂ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ ስል ነበር።"

"እዚህ ጋ" አሉ መምህር፣ ቀኝ ጎናቸውን እየነኩ።

"አይ!" አለች ማሬ ከልቧ ተገርማ። "እኔ እኮ በግራ መስሎኝ ነበር።"